በእጅ የሚያዝ የአንቴና መመርመሪያና ባለቤቱ



አንድ የአማተር ራዲዮ አፍቃሪ በግቢው ውስጥ ሁለት የባሕር ዛፍ ምሰሶዎች አቁሞ፣ በመካከላቸው ሃያ ሜትር ያህል የመዳብ ሽቦ ከቤቱ የቆርቆሮ ጣሪያ በላይ ወጥሮ፣ ከሽቦው ወገብ ላይ ኬብል አውርዶ ወደ ክፍሉ አስገባ እንበል። ጎረቤቱ ሽቦውን ሲያይ የልብስ ማስጫ ገመድ ይመስለዋል፤ ትንሽ ከፍ ማለቱ ብቻ ይገርመዋል። ለባለቤቱ ግን ያ ሽቦ ባሕር ተሻግሮ ከማያውቀው ሰው ጋር የሚነጋገርበት መሣሪያ እኩሌታ ነው። ይሁን እንጂ ራዲዮውን አብርቶ የንግግር ቁልፉን ሲጫን ማስተላለፊያው ኃይሉን ይቀንስበታል፤ የሚጠራቸውም ጣቢያዎች አይሰሙትም። ጥፋቱ ከየት መጣ? ከሽቦው ርዝመት ነው ወይስ ከኬብሉ? ከማያያዣው ብየዳ ነው ወይስ ከጣሪያው ቅርበት? ዐይን ይህን ሊለይ አይችልም፤ የተስማማውም ሆነ ያልተስማማው ሽቦ መልኩ አንድ ነውና። የዚህ ንግግር ርእስ ይህን ጥያቄ ለመመለስ ተብሎ የተሠራው፣ በአንድ እጅ የሚያዘው የአንቴና መመርመሪያ ነው፤ ይልቁንም መሣሪያው ለባለቤቱ የሚነግረውና የማይነግረው ነገር ነው።

አማተር ራዲዮ በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ደንብ የታወቀ አገልግሎት ሲሆን፣ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ያለ ገንዘብ ጥቅም፣ ለራስ ትምህርት፣ ለእርስ በርስ ግንኙነትና ለቴክኒክ ምርምር የሚሠሩበት ነው። ለኢትዮጵያ ከተመደቡት የጥሪ ምልክቶች መነሻዎች አንዱ ኢ ቲ ነው። ኢ ቲ 3 ኤ ኤ የተባለው የክለብ ጣቢያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ በአምስት ኪሎ የተቋቋመ ሲሆን፣ የምሕንድስና ተማሪዎችን ከዚህ ሥራ ጋር አስተዋውቋል። በክፍል ውስጥ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጻፈው የማስተላለፊያ መሥመር ቀመር በጣሪያ ላይ ምን እንደሚመስል ለማየት ከዚህ የቀለለ መንገድ አይገኝም።

መመርመሪያው ከመምጣቱ በፊት አማተሩ አንቴናውን የሚለካው በራሱ በማስተላለፊያው ነበር። በማስተላለፊያውና በኬብሉ መካከል የቋሚ ሞገድ ንጽጽር መለኪያ፣ በተለምዶ ኤስ ደብልዩ አር ሜትር የሚባለውን ያስገባል፤ ቁልፉን ተጭኖ ወደ አንቴናው የሚሄደውንና የሚመለሰውን ኃይል ያነጻጽራል። ይህ አሠራር ሁለት ጉድለት ነበረበት። አንደኛው፣ ልኬቱ እስኪያልቅ ድረስ የአንድ ሰው ፉጨት በመላው አህጉር መሰማቱ ነው። ሁለተኛው ከቴክኖሎጂ ለውጥ ጋር የመጣ ነው። በቫኪዩም ቲዩብ የሚሠሩት የድሮ ማስተላለፊያዎች በመውጫቸው ላይ የሚስተካከል ማዛመጃ ስለ ነበራቸው ብዙ ዐይነት አንቴና ይታገሡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ የተስፋፉት የትራንዚስተር ማስተላለፊያዎች ግን ለ50 ኦም ተብለው የተሠሩ ናቸው፤ ንጽጽሩ ከ2 ለ 1 ገደማ ሲያልፍ ትራንዚስተሮቻቸው እንዳይቃጠሉ ኃይላቸውን ራሳቸው ይቀንሳሉ። ስለዚህ አንቴናውን ማስተላለፊያው ከመነካቱ በፊት መለካት የግድ ሆነ።

የመሣሪያው አሠራር ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም። በውስጡ አንድ አነስተኛ የሞገድ አመንጪ፣ አንድ ድልድይ፣ ከዚያም የተመለሰውን ሞገድ የሚለካ ክፍል አለው። ኃይሉ ከጥቂት ሚሊዋት አይበልጥም፤ ስለዚህ የሌላውን ሰው ንግግር የማወክ ዕድሉ አነስተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በአሜሪካ ሚሲሲፒ የተመሠረተው ኤም ኤፍ ጄ የተባለው ኩባንያ ያወጣው 259 የተባለው ዐይነትና በኋላ የተሻሻለው 259 ቢ፣ ሁለት መርፌ ያላቸው፣ በተራ ባትሪ ድንጋይ የሚሠሩ ነበሩ። አንድ ትውልድ ሙሉ አማተሮች አንቴና መለካት የተማሩት በእነዚህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 በዚያው ቦታ ምርቱን አቁሟል፤ መሣሪያዎቹ ግን ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራሉ። ከዩክሬን የመጡት የሪግኤክስፐርት መመርመሪያዎች ደግሞ በመርፌ ፋንታ የፍሪኩዌንሲውን ጠቅላላ መሥመር በስክሪን ላይ ስለው ያሳያሉ። ከዚያም አንድ ጃፓናዊ የነደፈው ናኖ ቪ ኤን ኤ የተባለው ትንሽ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2019 በቻይና በብዛት እየተሠራ መሸጥ ሲጀምር ነገሩ ሁሉ ተለወጠ፤ የላቦራቶሪ ቤት ዕቃ የነበረው የቬክተር መለኪያ የኪስ ዕቃ ሆነ። ተማሪ ገንዘብ አጠራቅሞ ሊገዛው የሚችል መሆኑ ከማንኛውም ሌላ ባሕርዩ ይበልጣል።

ዋጋው መርከሱ ግን አንድ አዲስ አደጋ አስከትሏል። መሣሪያው በርክሶ በብዙ እጅ ሲገባ፣ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር ከአንቴናው ይልቅ መታመን ጀመረ። ብዙ ባለቤቶች ከመሣሪያው የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ንጽጽሩ 1 ለ 1 እንዲሆን። ያ ቁጥር እስኪመጣ ሽቦ ይቆርጣሉ፤ ሲመጣም ሥራው ተፈጽሟል ብለው ከመሰላል ይወርዳሉ። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው።

ስሕተቱ እንዲገለጥ ወደ ባሕር ዛፎቹ እንመለስ። አማተሩ የሚፈልገው ፍሪኩዌንሲ 7.1 ሜጋኸርዝ ነው። የሽቦው ጠቅላላ ርዝመት 20.6 ሜትር ሲሆን፣ መመርመሪያውን ከሽቦው ወገብ ላይ ሲያገናኝ ሪአክታንሱ ዜሮ የሚሆነው በ6.9 ሜጋኸርዝ ሆኖ ተገኘ። ሽቦው ረዝሟል ማለት ነው። የሚስማማበት ፍሪኩዌንሲ ከርዝመቱ ጋር በተገላቢጦሽ ስለሚሄድ፣ 20.6 በ6.9 ተባዝቶ ለ7.1 ሲካፈል 20.02 ሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ 58 ሳንቲሜትር ይነሣል፤ ከያንዳንዱ ጫፍ 29 ሳንቲሜትር። ያለ መሣሪያው ይህ ሥራ የአንድ ቅዳሜ ሙሉ መውጣትና መውረድ ይጠይቅ ነበር፤ በመሣሪያው ግን የአንድ ማካፈል ሒሳብ ነው። ያም ሆኖ ጥንቁቅ ሰው ፒንሳውን ቶሎ አያነሣም፤ ጫፉን አጥፎ በራሱ በሽቦው ላይ ይጠመጥመዋል፣ ደግሞ ይለካል፣ ለሳምንት ያህልም ይተወዋል። የታጠፈ ሽቦ ይዘረጋል፤ የተቆረጠ ግን አይመለስም።

አሁን በ7.1 ሜጋኸርዝ ሪአክታንሱ ዜሮ ሆኗል። ንጽጽሩን ሲያይ ግን 2 ለ 1 ነው። ምን ቀረ? ቁጥሩን ብቻ የሚያምነው ሰው እንደገና መቁረጥ ይጀምራል፤ በእያንዳንዱ ቁራጭም ንጽጽሩ ይብስበታል። የንጽጽሩ ቁጥር 2 ሲሆን አንቴናው 25 ኦም ሊሆን ይችላል፤ 100 ኦምም ሊሆን ይችላል፤ በሁለቱ መካከል ያሉ ሪአክታንስ የተቀላቀለባቸው ሌሎች አያሌ ዋጋዎችም ይኖራሉ። ሁሉም በዚያ በአንድ ቁጥር ውስጥ ተሸፍነው ይቀራሉ። መሣሪያው ግን ሬዚስታንሱንና ሪአክታንሱን ለየብቻ ያሳያል፤ የባለቤቱም ዐይን መሄድ ያለበት ወደዚያ ነው። በዚህ ቦታ ሬዚስታንሱ 25 ኦም ገደማ ሆኖ ተገኘ እንበል። ምክንያቱ ከሽቦው ርዝመት ጋር አይገናኝም። በ7.1 ሜጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 42 ሜትር ያህል ነው፤ ሽቦው ከቆርቆሮው በላይ አራት ሜትር ብቻ ከፍ ካለ ከሞገዱ አንድ አሥረኛ ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል። በነፃ ቦታ 73 ኦም የሚሆነው የግማሽ ሞገድ ዳይፖል ወደ ሰፊ ብረት እንዲህ ሲጠጋ ሬዚስታንሱ ወደ 25 ኦም ሊወርድ ይችላል። መድኀኒቱ ፒንሳ ሳይሆን ረዘም ያለ ምሰሶ ነው፤ ካልሆነም በወገቡ ላይ የሚገባ ማዛመጃ።

ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው ደግሞ መለኪያው የት ቦታ ላይ እንደ ተገናኘ ነው። መሰላል መውጣት የሰለቸው ባለቤት በክፍሉ ቁጭ ብሎ ከኬብሉ ታች በኩል ቢለካ ምን ያገኛል? ኬብሉ ጠንካራ የፕላስቲክ ማገጃ ያለው ኮአክሲያል ከሆነ ሞገዱ በውስጡ የሚሄድበት ፍጥነት ከብርሃን ፍጥነት 0.66 እጅ ነው። ስለዚህ በ7.1 ሜጋኸርዝ የሞገዱ ሩብ በኬብሉ ውስጥ ሰባት ሜትር ያህል ይሆናል። ኬብሉ በአጋጣሚ ሰባት ሜትር ከሆነ ከላይ 25 ኦም የነበረው አንቴና ከታች 100 ኦም ሆኖ ይታያል። ሬዚስታንሱ ዝቅ ብሎ ሳለ ከፍ ያለ ይመስለውና ተቃራኒውን መድኀኒት ይፈልጋል። ኬብሉ አሥራ አራት ሜትር ቢሆን ግን የግማሽ ሞገድ ስለሚሆን ያው 25 ኦም ተመልሶ ይታያል። በሦስቱም ቦታ ንጽጽሩ 2 ነው ለማለት ይቻላል። ፊሊፕ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1939 ያሳተመው ክብ ሰንጠረዥ ይህን ሽክርክሪት በአንድ ወረቀት ላይ ያስቀመጠ ሲሆን፣ ዛሬ በትንሹ መሣሪያ ስክሪን ላይ በቀለም ይሳላል። በትምህርት ቤት ሳለ ያ ክብ ለምን እንደ ተሠራ ያልገባው ሰው ኬብል እየቀያየረ ነጥቧ ስትዞር ካየ በኋላ የማይረሳው ይሆናል።

ከዚህም የተነሣ የቬክተር መመርመሪያ ከመለካቱ በፊት መስተካከል አለበት። ከመሣሪያው ጋር ሦስት ትንንሽ ቁራጮች ይመጣሉ፤ አንዱ ክፍት፣ አንዱ የተዘጋ፣ አንዱ 50 ኦም። እነዚህ የሚታሰሩበት ቦታ የመለኪያው ዜሮ ነጥብ ይሆናል፤ በኬብሉ ጫፍ ላይ ከታሰሩ ኬብሉ ከሒሳቡ ይወጣል። ብዙ ባለቤቶች ቁራጮቹን በካርቶኑ ውስጥ ትተው ይለካሉ፤ ወይም ባለፈው ወር በሌላ ፍሪኩዌንሲ ያስተካከሉትን እንዳለ ይጠቀማሉ። የሚመጣው ሥዕል ያምራል፤ ግን የየትኛው ነገር ሥዕል እንደ ሆነ ባለቤቱ ራሱ ሊናገር አይችልም። ሌላም ወጥመድ አለ። የመጀመሪያው ናኖ ቪ ኤን ኤ በአንድ ጊዜ የሚለካው 101 ነጥብ ነው። ከ1 እስከ 30 ሜጋኸርዝ ባንድ ጊዜ ልለካ ያለ ሰው በነጥብና በነጥብ መካከል 290 ኪሎኸርዝ ይዘልላል። ስፋቱ ከአሥር ኪሎኸርዝ ብዙም የማያልፈው ትንሽ የቀለበት አንቴና በዚያ ዝላይ መካከል ገብቶ ይጠፋል፤ ባለቤቱም አንቴናዬ አይሠራም ብሎ ያፈርሰዋል።

እስካሁን የተነገረው መሣሪያው እውነት ተናግሮ ባለቤቱ ስለሚሳሳትበት ሁኔታ ነው። ከዚህ የከፋው ንጽጽሩ ያማረበት፣ አንቴናው ግን የሞተበት ሁኔታ ነው። በብረት ቆርቆሮ ውስጥ የታሸገ 50 ኦም ሬዚስተር፣ ደሚ ሎድ የሚሉት፣ በመመርመሪያው ላይ 1 ለ 1 ያሳያል፤ ከእርሱ የተሻለ ቁጥር የሚያሳይ አንቴና የለም። የተሰጠውን ኃይል ሁሉ ግን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ይህ ለማንም ግልጽ ነው። ግልጽ ያልሆነው ብዙ አንቴናዎች በከፊል ደሚ ሎድ መሆናቸው ነው። በመሬት ላይ የቆመ የሩብ ሞገድ ቀጥ ያለ ዘንግ የጨረራ ሬዚስታንሱ 36 ኦም ያህል ነው። በሥሩ የተዘረጉት የምድር ሽቦዎች ጥቂት ሲሆኑ አፈሩ 14 ኦም ይጨምርበታል እንበል፤ ድምሩ 50 ይሆናል፤ ንጽጽሩም 1 ለ 1። ባለቤቱ ይደሰታል። ከሚሰጠው ኃይል 72 በመቶው ብቻ እንደሚወጣና ቀሪው ትል እንደሚያሞቅ አያውቅም። አንድ ትጉህ ወዳጁ መጥቶ ተጨማሪ የምድር ሽቦዎች ቢዘረጋለት የአፈሩ ሬዚስታንስ ይቀንሳል፤ አንቴናው ይሻላል፤ በመሣሪያው ላይ ግን ንጽጽሩ ወደ 1.4 ለ 1 ይወጣል። ቁጥር አምላኪው ሽቦዎቹን መልሶ ይነቅላል!

በኬብል በኩል የሚመጣው ማታለል ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። አር ጂ 58 የተባለው ቀጭን ኮአክሲያል ኬብል በ145 ሜጋኸርዝ በ30 ሜትር ርዝመት 6 ዴሲቤል ያህል ያጠፋል። ከላይኛው ጫፍ አንቴናው ከናካቴው ተቆርጦ ወድቋል እንበል። ከመመርመሪያው የወጣው ሞገድ ሲወጣ 6 ዴሲቤል ያጣል፤ ከተቆረጠው ጫፍ ሙሉ በሙሉ ይንጸባረቃል፤ ሲመለስ ሌላ 6 ዴሲቤል ያጣል። ከታች የሚደርሰው በ12 ዴሲቤል ያነሰ ሞገድ ነው፤ ይህም በንጽጽር ሲቆጠር 1.67 ለ 1 ይሆናል። ይህን ቁጥር ያየ ሰው ጥሩ አንቴና አለኝ ይላል፤ አንቴናው ግን መሬት ላይ ተጋድሟል። ውሃ የገባበት ኬብል ኪሳራው በየክረምቱ ስለሚጨምር ንጽጽሩ በየዓመቱ እየተሻሻለ ይሄዳል። ስለዚህ ማንኛውም ባለቤት መሣሪያውን በገዛ በመጀመሪያው ቀን የኬብሉን ላይኛ ጫፍ ከአንቴናው ፈትቶ፣ ክፍቱን ትቶ መለካት ይገባዋል፤ ያን ጊዜ የሚመለሰው ዴሲቤል ለሁለት ሲካፈል የኬብሉ ኪሳራ ይሆናል። ሥራው አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ከመቶ ባለቤት ስንቱ እንደሚያደርገው ግን ባይጠየቅ ይሻላል።

በተቃራኒው ከፍ ያለ ንጽጽር ሁልጊዜ የሚያስፈራ አይደለም። በአር ሲ ኤ ኩባንያ የሳተላይት አንቴናዎች መሐንዲስ የነበረው ዋልተር ማክስዌል እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ኪው ኤስ ቲ በተባለው የአሜሪካ አማተሮች መጽሔት ላይ በተከታታይ ያስረዳው ይህንኑ ነበር፤ ከአንቴናው የሚንጸባረቀው ኃይል በዚያው ጠፍቶ አይቀርም፤ በማዛመጃው በኩል እንደገና ወደ አንቴናው ይመለሳል፤ የሚጠፋው በኬብሉ ውስጥ ሲመላለስ የሚያሞቀው ብቻ ነው። በ7 ሜጋኸርዝ ሃያ ሜትር አር ጂ 58 ኬብል ያለው ሰው አንቴናው 3 ለ 1 ቢሆንና በክፍሉ ማዛመጃ ቢኖረው፣ በንጽጽሩ ምክንያት የሚደርስበት ተጨማሪ ኪሳራ ከግማሽ ዴሲቤል አይበልጥም። በሌላው ዳር የሚሰማው ሰው ልዩነቱን አያውቀውም። በ145 ሜጋኸርዝ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እንግዲህ 3 ለ 1 ክፉ ነው ወይስ ደግ ተብሎ ሲጠየቅ፣ በየትኛው ፍሪኩዌንሲና በምን ዐይነት ኬብል የሚል ጥያቄ መቅደም አለበት። ማክስዌል ከጻፈ ከግማሽ ምእተ ዓመት በላይ ቢያልፍም ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም፤ አማተሮች በፖለቲካ እንኳ እንዲህ አይከራከሩም።

መሣሪያው በእጅ መያዙ ራሱ ልኬቱን የሚለውጥበት ጊዜም አለ። ዳይፖሉ በወገቡ ላይ ባለን የተባለውን ማመጣጠኛ ካልያዘ ሞገዱ በኬብሉ ውጫዊ ልባስ ላይ ይፈስሳል፤ ኬብሉም፣ መመርመሪያውም፣ መመርመሪያውን የያዘው ሰውም የአንቴናው አካል ይሆናሉ። ምልክቱ ቀላል ነው። ሰውየው መሣሪያውን ከእጅ ወደ እጅ ሲያዛውር፣ ወይም ኬብሉን በሌላው እጁ ሲጨብጥ መሥመሩ ከተንቀሳቀሰ የተለካው አንቴናው ብቻ አልነበረም። ይህ በተለይ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራውን መሣሪያ ይመለከታል፤ በመሰላል ላይ ሲለካ ከምድር ጋር ያልተያያዘ ሲሆን፣ በኋላ ማስተላለፊያው በመብራት ኀይልና በምድር ሽቦ ሲያያዝ ግን ሌላ አንቴና ይሆናል። ብዙውን ጊዜ ኬብሉን በፌራይት ቀለበት ውስጥ ደጋግሞ ማዞር ይበቃል። ከዚያም እጅ ኬብሉን ቢነካም ባይነካም መሥመሩ ጸንቶ ይቆማል።

በከተማ ውስጥ ደግሞ ኃይለኛ የመካከለኛ ሞገድ ማሠራጫ ቅርብ ከሆነ፣ ረዥሙ ሽቦ ከዚያ የሚቀበለው ቮልት ከመሣሪያው ከራሱ ሞገድ ይበልጣል። በዳዮድ ብቻ የሚለኩት የቀድሞ ዐይነቶች የሚደርስባቸውን ሞገድ ሁሉ ሳይመርጡ ስለሚቆጥሩ መርፌያቸው ይዋዥቃል፤ ማታ ጥሩ የነበረው አንቴና ጧት የተበላሸ ይመስላል። ጠባብ ማጣሪያ ያላቸው የቬክተር መሣሪያዎች ይህን ይበልጥ ይቋቋማሉ። ሁለቱም ዐይነት ግን የማስተላለፊያን ኃይል አይችልም። አንድ ሰው መመርመሪያው እንደ ተገናኘ ረስቶ ቁልፉን ቢጫን፣ ወይም በዚያው ግቢ ሁለተኛ ጣቢያ ቢሠራ የመለኪያው ልብ በቅጽበት ይቃጠላል። በበጋ ደረቅ ነፋስና አቧራ ሲነፍስም ረዥም ሽቦ ላይ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ከዚያ አይተናነስም፤ ስለዚህ ኬብሉን ከመሣሪያው ጋር ከማያያዝ በፊት የመካከለኛውን ሽቦ ከልባሱ ጋር ለአንድ አፍታ ማገናኘት ያስፈልጋል። ነጐድጓድ ሲሰማ መሰላል ላይ መውጣት እንደማይገባ ለመሐንዲሶች መንገር ትርፍ ነገር ነው። ባትሪ ድንጋዩን አውጥቶ ማስቀመጥ ግን ደጋግሞ ቢነገርም አይበዛም፤ በሣጥን ውስጥ ከተረሳ ፈስሶ ውስጡን የበላው መሣሪያ በጠላት ከተቃጠለው ይበዛል።

መመርመሪያው ከአንቴና ሌላ የሚሰጠው አገልግሎትም አለ፤ በተለይ ኬብል ለሚቀብሩ ሰዎች። ርዝመቱ 20 ሜትር የሆነ ጤነኛ ኬብል ሌላው ጫፉ ክፍት ሆኖ ሲለካ፣ ኢምፒዳንሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዜሮ የሚወርደው ርዝመቱ የሩብ ሞገድ በሆነበት በ2.475 ሜጋኸርዝ ነው። በዚህ ፈንታ በ3.3 ሜጋኸርዝ ከወረደ ኬብሉ በ15 ሜትር ላይ ተበጥሷል። የአካፋ ሥራ ያለበት ቦታ በሒሳብ ታወቀ ማለት ነው፤ ግቢው በሙሉ መቆፈሩ ቀረ። የቴሌኮሙኒኬሽን ባልደረቦች ለዚህ የተለየና ውድ መሣሪያ እንዳላቸው የታወቀ ነው፤ ተማሪው ግን በኪሱ በያዘው ያንኑ ያገኛል።

መሣሪያው ተንቀሳቃሽ መሆኑ ጥቅሙ በግልጽ የሚታየው ቋሚ ነገር ሁሉ በፈረሰበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን ሲመታ መብራትና ስልክ ስለ ጠፋ፣ የአሜሪካ አማተሮች ማኅበር በቀይ መስቀል ጥያቄ 22 ፈቃደኞች ልኮ ነበር። በእንዲህ ያለ ቦታ አንቴና በተገኘው ዛፍና ምሰሶ ላይ ይወጠራል፤ ለመሞከርና ለመሳሳት ጊዜ የለም፤ ያለ መለዋወጫ የሄደ ማስተላለፊያ ቢቃጠል የሚተካው አይገኝም። ሽቦው ሳይሞከር ማስተላለፊያውን ማብራት በዚያ ቦታ ድፍረት ሳይሆን ጥፋት ነው።

መሣሪያውን እያንዳንዱ አማተር ለብቻው ይግዛው ወይስ ማኅበር ገዝቶ ያዋስ የሚለው ጥያቄ በየክለቡ ይነሣል። አንቴና በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ስለሚነካ አንድ መሣሪያ ለአሥር ሰው ይበቃል የሚለው ሐሳብ በወረቀት ላይ ትክክል ነው። በተግባር ግን የተዋሰ መሣሪያ ለጥገና ብቻ ይውላል፤ ሰው የሚዋሰው አንድ ነገር ሲበላሽበት ነውና። የራሱ የሆነ ሰው ጤነኛውንም አንቴና ይለካል፤ በዝናብ ይለካል፣ በፀሐይ ይለካል፣ ቅጠሉ ሲረግፍ ይለካል። ዋናው ዕውቀት የሚገኘው ከዚህ ነው። የጋራ መሣሪያ የግድ ከሆነ ሦስቱ የማስተካከያ ቁራጮች በክር ታስረው ከሣጥኑ የማይለዩበት ዘዴ ይፈለግ፤ በየውሰቱ ከሚጠፉት ነገሮች ቀዳሚዎቹ እነርሱ ናቸው።

ከመሣሪያው ጋር አንድ ተራ ደብተርም መገዛት አለበት። በውስጡ የሚጻፈው ቀኑ፣ የአየሩ ሁኔታ፣ መለኪያው የተገናኘበት ቦታ፣ የኬብሉ ዐይነትና ርዝመት፣ ሪአክታንሱ ዜሮ የሆነበት ፍሪኩዌንሲ፣ በዚያም ላይ የተገኘው ሬዚስታንስ ነው። ንጽጽሩ በመጨረሻ ይጻፍ። በሐምሌ ዝናብ የረጠበ ፕላስቲክ ልባስ ያለው ሽቦ በየካቲት ከነበረበት ትንሽ ዝቅ ብሎ ቢገኝ አያስደነግጥም፤ ሲደርቅ ይመለሳል። ሬዚስታንሱ በድንገት ከተለወጠ ግን ብየዳ ለቋል፣ ወይም አዲስ ቆርቆሮ ከሥር ተመቷል። ማንም ሳይነካው ንጽጽሩ ካለፈው ዓመት ተሻሽሎ የተገኘ እንደ ሆነ ደግሞ ባለቤቱ ቅዳሜ እስኪመጣ አይጠብቅ፤ መሰላሉን ያቁምና በላይኛው ጫፍ ያለውን ማያያዣ ይፍታ፤ ከልባሱ ሥር የመዳቡ ሽቦ አረንጓዴ ሆኖ፣ ውሃም እያንጠባጠበ ሊያገኘው ይችላል።